ከነጩ ድንጋይ ወይስ ከጥቁሩ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዘሃራ፣ «አባ፣ ከየትኛው መነሻ ነው የምትወረውረው? ከቀዩ ወይስ ከሰማያዊው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ምንም የለበትም። ሌላ አባት ቢሆን ፈገግ ብሎ አንዱን ይመርጥ ነበር። እኔ ግን ቆሽቴ ድብን አለ። ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ ልጅቷ ደነገጠችና፣ «ምነው አባ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

አላመመኝም። የድሮ ንዴት ነው የተነሳብኝ። ዘሃራ የስፖርት መምህርት ናት። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለ ሣር ላይ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አዘጋጅታ፣ ለመክፈቻው እኔንም የድሮ ጓደኛዬን ጀማልንም ጠርታን ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሳህን የሚያህል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከመነሻው ላይ ትወረውራለህ፤ የወደቀበት ሄደህ ታነሳና ከዚያው እንደገና ትወረውራለህ፤ እንዲህ እያልክ ራቅ ብሎ የተተከለ ቅርጫት ውስጥ ታስገባዋለህ። በትንሽ ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። የሰው አቅም ስለሚለያይ መነሻው ሁለት ነው፤ ቀዩ ቅርብ፣ ሰማያዊው ሩቅ። ከዚህ የበለጠ ቀላል ነገር አለ? የለም። እኛ ግን በወጣትነታችን ይቺን ቀላል ነገር እንዴት አድርገን እንዳከበድናት ብታዩ!

ያኔ ገና ጢሜ ማቀምቀም የጀመረበት ጊዜ ነው። እኛ አገር ጨፋ ላይ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ አመሻሽ ላይ ብቻውን ይህንኑ የፕላስቲክ ሳህን እየወረወረ ራሱ ሮጦ ሲያነሳ እናየው ነበር። መጀመሪያ ሳቅንበት። ከዚያ አብረነው ወረወርን። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አንድ ጆንያ ሙሉ ሳህን ትቶልን ሄደ፤ በዚያው ለከፈን። ቦርከና ወንዝ ዳር ድንጋይ የበዛባት፣ ማንም የማያርሳት ቁራሽ መሬት ነበረች። በጋውን ሙሉ ድንጋይዋን ለቅመን፣ እሾኋን መንጥረን አጸዳናት። ቅርጫቶቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። የባሕር ዛፍ ግንድ ተክዬ፣ የአጥር ሽቦ ጠምዝዤ፣ ሳህኑ ሲገባ እንዲያቃጭል የቆርቆሮ ቁራጭ አንጠለጠልኩባቸው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሜዳው ሁሉ ያቃጭል ነበር። ለመነሻ፣ ቅርቡ ላይ ነጭ ድንጋይ፣ ሩቁ ላይ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጥን። ፈረንጁ ያስተማረን፣ «እያንዳንዱ ሰው የሚሆነውን ራሱ ይምረጥ» ብሎ ነበር። ምስኪን! ሰው እያየው ለራሱ ቅርቡን የሚመርጥ ወሎዬ የት አይቶ ነው?

መሬቷ የሐጂ እንድሪስ ነበረች። ሐጂ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ገበሬ ናቸው። ድንጋይዋ ተለቅሞ ሲያዩ ዓይናቸው ገባች። ሚያዝያ ላይ፣ ማሽላ የሚዘራበት ወቅት ሲቃረብ፣ ጠሩንና «ልጆች፣ አጽድታችሁልኛል፣ አላህ ይስጣችሁ፤ አሁን ላርሳት ነው» አሉን። ለመንናቸው። እኔማ ጉልበታቸው ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ልባቸው ራራና፣ «እንግዲያው ነገ ዐስር ሰግጄ እመጣለሁ። ይህ ጨዋታ የምትሉትን ነገር አሳዩኝ። እውነትም መሬት የሚያስፈልገው ነገር ከሆነ አልነካባችሁም። ካልሆነ ግን በማግስቱ ጠዋት በሬ ይገባባታል» አሉ።

ለብቻችን ተጫውተን እንዳናፍር ብለን የጎረቤታችንን የሰንበቴ ከተማ ልጆች ጠራን። ከእኛ ተምረው ከከብት ገበያው ጀርባ ይጫወቱ ነበር። ሐጂ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሜዳው ላይ ካለችው ግራር ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ የጨፋ ሚያዝያ ማለት ምጣድ ላይ መቆም ማለት ነው። እንግዶቹ በጄሪካን የግመል ወተት ይዘው መጡ። እኛ ማንጎ አቀረብን። ብሉ ጠጡ ተባባልን። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። አንድ ለብቻዬ የተለማመድኩት ውርወራ ነበረኝ፤ ሳህኑ ግራሯን በቀኝ በኩል ዞሮ ቅርጫቱ ላይ የሚያርፍ። ሐጂ ይህችን አንዲት ውርወራ ብቻ ካዩ መሬቷ የእኛ ናት ብዬ አምኜ ነበር። ሳህኔን ይዤ ተቁነጠነጥኩ።

የእኛ አለቃ የአጎቴ ልጅ ሙሄ ነበር። የእነሱ አለቃ ጀማል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ሁልጊዜ እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ልጅ። ሙሄ ጎሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዶች ናችሁ፤ ከነጩ ድንጋይ ወርውሩ። እኛ ከጥቁሩ እንወረውራለን» አለ።

ጀማል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኧረ በአላህ ሙሄ! ሜዳውን የለፋችሁበት እናንተ፣ እኛ መጥተን ቅርቡን ልንይዝ? ላኪ፣ አይሆንም። ነጩ የእናንተ ነው።»

«እንግዳን ሩቅ አስቀምጠን እኛ ቅርብ? ሰው ምን ይለናል?»

«እኛንስ ሰው ምን ይለናል?»

ይሁን፣ አንድ ሁለቴ መግደርደር ወግ ነው። እኔም ያደግኩበት ነው። ግን ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛው መጣ። እነሱ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ «አቲ ዱርሲ፣ አንተ ቅደም» ይላሉ፤ የእኛዎቹ «ኧረ እናንተ ቅደሙ» ይላሉ። ፀሐይዋ ግራሯን አልፋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ እያየሁ አንጀቴ አረረ። «ያ ጀመዓ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ሁላችንም ከመካከል እንወርውር! ነጩም ጥቁሩም ይቅር!»

ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ተስማሙ፤ ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መካከሉ የት ነው? ሙሄ ከነጩ ተነስቶ በእርምጃ ለካና አንድ ድንጋይ አኖረ። ጀማል አየና፣ «ይሄማ ለእናንተ ሩቅ ሆነባችሁ» ብሎ ድንጋዩን አንስቶ ወደ ቅርጫቱ አስጠጋው። ሙሄ፣ «እናንተማ ከመንገድ ደክማችሁ መጥታችሁ» ብሎ የባሰ አስጠጋው። ጀማል ጨመረበት። በዓለም ላይ ሰው ድንበር የሚገፋው ለራሱ ነው፤ የእኛዎቹ ጉዶች አንዱ ለሌላው እየገፉ ድንጋዩን ቅርጫቱ ሥር አደረሱት! ከዚያ ላይ ቆሞ መወርወር ምን ያደርጋል? እጅህን ዘርግተህ ማስቀመጥ ነው። መካከሉም ቀረ፤ እንደገና ወደ ነጩና ወደ ጥቁሩ ተመለስን።

ያኔ ነው ሙሄ የመጨረሻውን ጥፋት ያጠፋው። ትዕግስቱ አልቆ፣ «ወላሂ፣ እናንተ ከነጩ ሳትወረውሩ ከእኛ አንድ ሰው ሳህን አይወረውርም!» ብሎ ማለ።

ጀማል ትንፋሽ እንኳን አልሰጠውም። «ወላሂ፣ እናንተ ከነጩ ሳትወረውሩ ከእኛም አንድ ሰው አይወረውርም!»

አለቀ። ሁለት መሐላ ቀንድ ለቀንድ ተያያዘ። ቆርቆሮዎቼ ብቻ ያቃጭላሉ። ሳህኔን መሬት ላይ ጣልኩት። እስኪ አሁን ማን ይወረውራል? ቀድሞ የወረወረ በአላህ ስም የተማለ መሐላ ሊያፈርስ ነው። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «መሐላ የሚያፈርስ ሰው ከፋራ፣ ማካካሻ አለው፤ ጾሞ ይወጣል» አለ። ሌላው፣ «መጾሙ መቼ ጠፋን፣ መጀመሪያ ድሃ ማብላት ነው እንጂ» አለ። ሌላው ደግሞ፣ አንድ ሰው ለሌሎች ሊምል ይችላል ወይ ብሎ አዲስ ክርክር ከፈተ። ሐጂ እንድሪስ ይሄን ጊዜ ዓይናቸው በራ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እኛ ቀረቡና፣ «በዚህ ነገር ላይ ቂራት ቤት ሳለሁ አንድ ሼህ ሲያስተምሩ የሰማሁት አለ» ብለው ጀመሩ። ሁሉም ከበባቸው። ማንጎው እንደገና ቀረበ። የግመል ወተቱ ዞረ። ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ከኋላ እንደ ጅብራ ተገትሬ ግራሯን በቀኝ በኩል አያለሁ።

«ሐጂ» አልኳቸው በመጨረሻ፤ «እኔ አንዲት ውርወራ ብቻ ላሳይዎት።»

ሙሄ ክንዴን ያዘኝ። «ያ ሰይዶ! በእኔ መሐላ ልትቀልድ ነው?»

የመግሪብ አዛን ተሰማ።

ሐጂ ተነሱ፤ አቧራቸውን አራገፉ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሏቸው ነበር። «ማሻአላህ» አሉ፤ «እንዲህ ያለ የተቀጣ ልጅ በዚህ ዘመን አለ ብዬ አላስብም ነበር። ጨዋታችሁንም ወደድኩት። ግን ልጆቼ፣ ለዚህ ጨዋታ መሬት ምን ያደርጋል? በረንዳ ይበቃው የለ?»

በማግስቱ ጠዋት በሬዎቹ ገቡ። ቅርጫቶቼን ነቅዬ ቆርቆሮዎቹን ወደ ቤት ስወስድ፣ ነጩንም ጥቁሩንም ድንጋይ ዳር ላይ ጥለዋቸው አየሁ። ክረምቱን ሙሉ ከሙሄ ጋር አልተነጋገርኩም። ማሽላው ደግሞ ለእኔ ብሎ እንኳን አልከሳም፤ እንደዚያ ያለ ማሽላ ጨፋ ላይ አልበቀለም ይባላል። ሐጂ ጥንቅሹን እየቆረጡ «እንካ ሰይዶ» ሲሉኝ ተቀብዬ እየመጠጥኩ በልቤ እናደዳለሁ። ጣፋጭነቱ የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ዘሃራ «ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?» ስትለኝ ጀማል አጠገቤ ቆሟል። ሸብቷል፤ ጉልበቱን ስለሚያመው በከዘራ ነው የሚሄደው። ከሩቁ መወርወር አይችልም። ከቅርቡ ደግሞ እኔ እያለሁ አይቆምም፤ አውቀዋለሁ። ወዲያውም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ላኪ ሰይዶ፣ ቀዩ ያንተ ነው፤ የልጅህ ሜዳ ነው። እኔ ከሰማያዊው።»

ያንን ሁሉ ዓመት የተናደድኩት ሰውዬ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ወጣ መሰላችሁ? «ወላ…»

ዘሃራ በመዳፏ አፌን ከደነችው። ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ሳማርር ሰምታለች። «አባ፣ እንዳትምል!»

ምራቄን ዋጥኩ። «እሺ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ስትወጣ ግን ጥርስ የተነቀለልኝ ያህል አመመችኝ። ቀዩ ላይ ሄጄ ቆምኩና ወረወርኩ። ሳህኑ ምንንም ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሄዶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ጀማል ትንሽ አመነታ። ከዚያ ከዘራውን ለዘሃራ ሰጥቶ እያነከሰ መጣና የቆምኩበት ላይ ቆሞ ወረወረ። የእሱ ከእኔ ራቅ ብሎ ሄደ።

«ሰይዶ» አለኝ፣ ሳህኑ ሲያርፍ እያየ፤ «ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?»

ሱብሃነላህ! ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይሄን ይለኛል! መልስ ብሰጠው ስለምጣላው ሳህኔን ላነሳ ሄድኩ። እየሄድኩ ግን አሰብኩ፤ ያኔ ከመካከላችን አንዱ «እሺ» ብሎ ነጩ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ሌላው ምንም ሳያፍር ይከተለው ነበር። ቅርቡን መያዝም ለሰው መንገድ መክፈት ነው። ይህንን ለማወቅ እኔ ጸጉሬን፣ ጀማል ጉልበቱን መጨረስ ነበረብን።

ስንመለስ ሻይ እንጠጣ ብለን አንዲት ሻይ ቤት ደረስን። በሩ ጠባብ ነው። እኔ ቆም አልኩ። ጀማልም ቆም አለ። እጁ ወደ ደረቱ ሲሄድ አየሁት።

«ግባ እንጂ ሰይዶ።»

«ኧረ አንተ ግባ፤ እንግዳዬ አይደለህ?»

ዘሃራ ትንፋሿን ስባ በመሀላችን ሾልካ ገባችና ሦስት ሻይ አዘዘች። ሻይዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቀርበው እንፋሎታቸው ሲያልቅ እኔና ጀማል እዚያው በሩ ላይ እንደቆምን አየናቸው።