«ጊደር ጋር»

ባቡር ድሬዳዋ በገባ ሰሞን ነው፤ እኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሦስት ዓመቱን ደፍኖ አንዲት ቃል አልወጣውም ነበር። ይበላል፣ ይስቃል፣ ሲጠሩት ይዞራል፤ መናገር ግን የለም። እናቴ ዲዳ ልጅ ወለድኩ ብላ ስትብሰለሰል ከረመችና ለማርያም ተሳለች። ልጄ ካናገረኝ ጃንጥላ አስገባለሁ አለች። ልጁን የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ወይ ጣጣዬ!

ወላጆቼ ከሸዋ መጥተው ሐረር የሰፈሩ ናቸው። ጀጎል ውስጥ በተከራየነው ቤት ግድግዳ የሚጋሩን አንድ ሐረሪ ሽማግሌ ግንበኛና ሚስታቸው ነበሩ። ከእኛ ጋር አማርኛ ይናገራሉ፤ ቤታቸው ውስጥ ግን የራሳቸውን ቋንቋ ነው፣ እኛ ደግሞ አንዲት ቃል አንሰማም። እውነቱን ልናገር፤ ጠባቂ ተብዬዋ እኔ ጠዋት ጠዋት ወንድሜን እሳቸው ግቢ አስቀምጬ ቅልልቦሽ ልጫወት እሄድ ነበር። እናቴ ይህን አታውቅም።

ሽማግሌው ከጣሪያ እንጨት የተረፈውን ጉማጅ በመጋዝ ቆራርጠው፣ እንዳይወጋው ጠርዙን ሞርደው ለወንድሜ ሰጡት። መጀመሪያ ትልቁን በትንሹ ላይ ይከምርና ሲናድበት መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል። ልረዳው ስል ሽማግሌው ይከለክሉኛል፤ ይናድ፣ እጁ ይማራል ይሉኛል። ሚስታቸው ስፌታቸውን ይዘው አጠገቡ ይቀመጡና ያነሳውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ያወሩታል። ወር ሳይሞላ ልጁ ሌላ ሆነ። ሲፈርስበት እንደ አዛውንት ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ከመሠረቱ ይጀምራል። ሰፊውን ከታች አደረገ፣ ሁለቱን አቁሞ አንዱን ማጋደም ቻለ። እኔ በስምንት ዓመቴ ያልነበረኝን ትዕግሥት አመጣ፤ አሁንም የለኝም።

ጉማጆቹን አቅፎ ቤት ሲመጣ እናቴ ከየት አመጣው አለች፤ ከመንገድ አልኳት። አንድ ቀን ታዲያ እየደረደረ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ጊደር ጋር» አለ። ጆሯችንን አላመንንም። ከቤታችን ጀርባ አንዲት ጊደር ነበረችንና ከጊደሯ ጋር መሆን አማረው አልን። ለእኛ ለመጤዎቹ ጊደር ያው ጊደር ነው። የከተማውን ገበያ፣ ጊደር መጋላን እንኳ ዱሮ ጊደር ይሸጥበት ነበር ማለት ነው እያልን እህልና ቅመም ስንሸምትበት ኖረናል። ብድግ አድርገን ጊደሯ ዘንድ ወሰድነው፤ ጮኸ። ወደ ጉማጆቹ መለስነው፤ ዝም አለ። ደግሞ «ጊደር ጋር» አለ፤ ደግሞ ወሰድነው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። ጊደሯም ሳትሰለቸን አልቀረችም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ተስፋ ቆረጠች። ከእንጨት ጋር እየዋለ እንጨት ሆነ፣ ያወጣውም ቃል ትርጉም የለው አለችና ጉማጆቹን ሰብስባ ምድጃ ልትከት ተነሣች። ወንድሜ ቀሚሷን ይዞ ተንሰቀሰቀ። የት ሲውል እንደነበረ ከተናገርኩ ቁንጥጫ ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ያ ሁሉ ጉማጅ ሊነድ ነው። አንጀቴ አልቻለም። ሮጬ የግንበኛውን ሚስት ጠራኋቸው።

ገብተው ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ጊደር ማለት ትልቅ ነው፣ ጋር ማለት ቤት ነው፤ ልጅሽ ትልቅ ቤት ሠራሁ ነው የሚልሽ» አሏት።

ጉማጆቹን ከእናቴ እጅ ወስደው መሬት ላይ ዘረጉና አንድ በአንድ ጠየቁት። ሁሉንም በቋንቋቸው መለሰ። ለካ መናገር ከጀመረ ከርሟል፤ ያልሰማነው እኛ ነን! አባቴ የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይሉ የለ፣ ዛሬስ ጥሬዎቹ እኛ ነን ብሎ ሳቀ። ስለትሽ ደርሷል፣ ጃንጥላሽን አስገቢ አላት። እናቴ ግን አልሳቀችም። የተሳልኩት እኔን እንዲያናግረኝ ነው እንጂ ጎረቤት እንዲያናግር አይደለም አለች። ቀንታ ነበር፣ ደግሞም ከፍቷት ነበር። እኔም ቁንጥጫዬን እዚያው አገኘሁ።

በማግስቱ ሥራዋን ትታ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጉማጅ ታቀብለዋለች። ትልቅ ትለዋለች፤ ጊደር ይላታል። ቤት ትለዋለች፤ ጋር ይላታል። ሲፈርስበት እሷ ትደነግጣለች፣ እሱ ይስቃል። ሳምንት እንዲህ ከረሙ። ከዚያ አንድ ቀን ከትልቁ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ሠራ። የእናቴን ጣት ይዞ በበሩ አስገባና ቀና ብሎ አያት።

«እማ ጋር» አለ።

የእማ ቤት ማለቱ ይሁን ከእማ ጋር ማለቱ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እናቴም አልጠየቀችም። ጣቷን ከዚያች ክፍል ሳታወጣ ብዙ አለቀሰች፤ እሑድ ጃንጥላውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።