አሁን አረፈ

ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን መካኒክነት የጨረሱት አጎቴ፣ ደርግ በወደቀ በዓመቱ ጡረታ ወጥተው ቡሬ እኛ ዘንድ ገቡ። ሬድዮ ስለ አውሮፕላን ባወራ ቁጥር ጎረቤቱ ትርጉሙን የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። እኔ ዘንድ የቀረው ግን አንድ ልማዳቸው ነው።

ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውሮፕላን በምሳ ሰዓት በላያችን ያልፍ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ እጃቸውን ከትሪው መልሰው ደጅ ይወጣሉ። «የግራ ሞተሯ ትንሽ ታጉረመርማለች» ይላሉ ለራሳቸው። ከዚያ ተመልሰው ሰዓታቸውን እያዩ ይቀመጣሉ እንጂ አይጎርሱም።

«ወንድም ጋሼ፣ ወጡ በረደ እኮ!» ትላቸዋለች እናቴ።

«ሰው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ እኔ እንዴት ይዋጥልኛል?»

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ «አሁን አረፈ፤ ተመስገን» ይሉና ይጎርሳሉ። ባሕር ዳር ቆሞ ያየላቸው ሰው የለም፤ እኛ ግን አምነናቸው አብረን እንጎርሳለን።

በሰኔ ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩ። እናቴ ለቅሶው አፏን ስለያዘባት ለጎረቤት የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ አረፉ» እያልኩ ከበር በር ዞርኩ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ ያ አውሮፕላን መጣ። ሁለታችንም ሳንነጋገር እጃችንን ከትሪው መለስን። ሰዓታቸው መስኮቱ ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃው ሞላ፤ አለፈም።

«አረፈ በይ እንጂ ልጄ፣ እንብላ» አለችኝ እናቴ።

አፌን ከፈትኩ። ያንን ቃል ግን በየበሩ ጨርሼው ኖሯል። ወጡ በረደ።