ሰርዶ የተከለው ባለ ወፍጮ

የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቀበሌው ከመዝለቁ በፊት፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ የሚመረተው ገብስና ስንዴ በአህያ ተጭኖ የሚመጣው ወደ ዓባይነህ የናፍጣ ወፍጮ ነበር። ዓባይነህ ገራም ሰው ነው። ነፍሰ ጡር ከመጣች ተራ አያስጠብቃትም፤ የድኻ እህል ሲፈጭ ከድንጋዩ ሥር የቀረችውን ዱቄት እንኳ ጠርጎ ይመልሳል። ዓባይነህ ሰው በደለ ቢባል የሚያምን ጎረቤት አይገኝም ነበር፤ ለረጅም ዘመን እርሱ ራሱም አላመነም።

በደሉ የተፈጸመው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። የናፍጣ በርሜሎቹ የተደረደሩት እዚያ ነበር፤ ከሥራቸው የዛጉት ያንጠባጥባሉ። ከሞተሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይትም ዓባይነህ በቆርቆሮ እየተቀበለ እዚያው ይደፋው ነበር። ሌላ መድፊያ መፈለግ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ቁልቁል ወደ እትዬ ኡሙልኸይር የጓሮ መሬት ይወርዳል።

እትዬ ኡሙልኸይር ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ሃሩን ሳዑዲ የተሰደደባቸው ሴት ናቸው። መሬቱ ባቄላ የሚያበቅል ነበር። ዓመት በዓመት ግን ባቄላው እየገረጣ፣ ከጉልበት ሳያልፍ እየደረቀ ሄደ፤ በመጨረሻም ከነአካቴው አልበቅልም አለ። አፈሩ ጠቁሮ ደረቀ፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በላዩ ይንሸራተታል። እሳቸው ጎረቤታቸውን አልጠየቁም፤ ጌታቸውን ጠየቁ። ባላቸው ነፍሳቸው ሳትወጣ «ከመጀመሪያው እሸት ሰደቃ አውጪ» ብለው ተናዝዘው ነበርና፣ ሃሩን በተሰደደበት ዓመት እሳቸው በሐዘን ብዛት ዘንግተውት ኖሯል። መሬቱ የነጠፈው በእኔ ጥፋት ነው ብለው ደመደሙ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዳቦ ጋግረው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ ሙስሊም ክርስቲያኑን ጎረቤት ጠርተው ዱዓ ያስደርጋሉ። ዓባይነህም ይጠራል። ዳቦውን ይበላል፤ «መሬታቸውን ይመልስላቸው» ሲባል ከሌላው ጋር «አሚን» ይላል።

መብራት ገብቶ ናፍጣው ከቀረ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር የምታጠናው ልጁ ብርሀንነሽ ለዕረፍት መጣች። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወርዳ ከእትዬ ኡሙልኸይር መሬት አንድ ጓል አነሣች፤ በጣቶቿ ፈርፍራ ወደ አባቷ አፍንጫ አስጠጋችው።

«አባባ፣ አሽትተው እስቲ።»

«ምን አለው?»

«ናፍጣ ነው።»

ዓባይነህ አላሸተተም። ማሽተት አላስፈለገውም።

ብርሀንነሽ መድኃኒቱን ነገረችው። የሰርዶና የአልፋልፋ ሥር አፈሩን እየሰነጠቀ አየር ያስገባል፤ በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ደግሞ ዘይቱን ቀስ እያሉ ይበሉታል። ፍግ ያስፈልጋል፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ሣሩን ለከብት መስጠት አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን ሥሩ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ መሬቱን ማረስ አይገባም።

«ደግሞ ንገራቸው» አለችው፣ ልትመለስ ሻንጣዋን እያነሣች።

«ይለምልም፤ ያኔ እነግራቸዋለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላለሁ?»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ስጦታ አይደለም።»

ዓባይነህ ወደ እትዬ ኡሙልኸይር ሄዶ መሬቱ ጥቂት ክረምት ቢያርፍ፣ ሣርም ቢተከልበት እንደሚበረታ ብቻ ነገራቸው። «አንተ ካልክ ምን ከፋኝ» አሉት፤ «እኔማ ምን አወጣሁለት።»

ሰርዶ በዚያ አገር ጠላት ነው። ገበሬ ዕድሜውን የሚጨርሰው ሥሩን ከማሳው ሲያወጣ ነው፤ «መሬቱን ሰርዶ ወረሰው» ከተባለም ያ ቤት ወንድ አጥቷል ማለት ነው። ዓባይነህ ቁጢጥ ብሎ ያንን ሥር በአፈር ሲያለብስ፣ በሠፈሩ ምርጥ በሬዎች የሚያርሰው ረመዳን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየዋል።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ አባቶቻችን ሰርዶ ሲነቅሉ ጎበጡ፤ አንቱ ሲተክሉ ሊጎብጡ ነው?»

«ለመኖ ነው።»

«ለየትኛዋ ላም? ያንቱ ላም እንደሆነች ከፍሩሽካ በቀር አታውቅ።»

አብረውት የነበሩት ሣቁ። ዓባይነህም ሣቀ። እውነቱን ለማውጣት ከዚያች ሰዓት የተሻለች አልነበረችም፤ በሣቅ አሳለፋት።

ሰርዶው መጀመሪያ ዳር ዳሩን ያዘ፤ መካከሉ ላይ እየጠወለገ፣ እንደገና እየተተከለ፣ ብዙ አስቸገረ። በሁለተኛው ክረምት ግን ወደ መካከል ተጠጋ፤ ዝናቡም መስረግ ጀመረ። ዓባይነህ አንድ ጠዋት አፈሩን በጣቱ ቢጭር የምድር ትል አገኘ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገ ገበያ ሆነ፤ ቀጥሎ ፋሲካ ደረሰ፤ ከዚያም የዓይኑን ሞራ ለማስገፈፍ ደሴ ወረደ፤ እዚያው ወንድሙ ቤት ሰነበተ።

በሌለበት ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። መኖ ነው የተባለው ሣር ላም ሲበላው አልታየም። ባለ ወፍጮው የባልቴቷን መሬት በሰርዶ አስወርሶ ሊነጥቃቸው ነው ተባለ። የባልቴት መሬት ሰርዶ ሲወርሰው ደግሞ ነውሩ የሠፈሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ ረመዳን ጅጌ ጠራ፤ ሰው ሁሉ በሬውን ጠምዶ፣ በነጻ ሊያርስላቸው እየዘፈነ መጣ።

ዓባይነህ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄደ። መሬቱ ተገልብጧል። ሥሩ ተለቅሞ፣ ዳር ላይ ተከምሮ፣ ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። ሣሩ ሸፍኖት የነበረው የናፍጣ ሽታም እንደገና ተነሥቷል። እትዬ ኡሙልኸይር ከቤት ወጡ፤ ፊታቸው እንደዚያን ቀን ፈክቶ አይቶ አያውቅም።

«እንኳን በደኅና መጣህ፣ ዓባይነህ። ዓይንህ በራልህ?»

«በራልኝ፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያስ እይልኝ። ረመዳን ሠፈሩን አስነሥቶ መጣ፤ ያዘጋጀሁት ቃሪቦ እንኳ ለጠጪው አልበቃም። አንተን ልጠይቅ ነበር፤ ግን ለሰው ሊደርስ የመጣን በሬ ማን ይመልሳል? የባቄላውን ዘር ለቅሜ አስቀምጫለሁ፤ ዝናቡን ነው የምጠብቅ። ዘንድሮስ ጌታዬ ይቅር ያለኝ ይመስለኛል።»

ዓባይነህ የያዘውን ጓዝ መሬት ላይ አስቀመጠ። ዝም ቢል ባቄላው ይዘራል፤ ባቄላው አይበቅልም፤ እሳቸውም ይቅር አልተባልኩም ብለው እስከ መቃብራቸው ይኖራሉ። ስለዚህ ተናገረ። በርሜሎቹን፣ ዘይቱን፣ ጎርፉን፣ ሰርዶው የተተከለበትን ምክንያት፣ ሁሉንም እንደቆመ ነገራቸው።

እትዬ ኡሙልኸይር አመድ ወደ ሆነው ክምር ዞሩ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ብርሀንነሽ ለዕረፍት መጥታ…»

«ልጅህ ያወቀችውን አይደለም የምጠይቅህ።»

ዓባይነህ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «ድሮ ነው፣ እትዬ። ጎርፉ ወዴት እንደሚወርድ አያለሁ እኮ።»

«ያላጠፋሁትን ማረኝ ስል፣ አጠገቤ ተቀምጠህ አሚን ትል ነበር።»

«አዎ።»

«አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ በሬዎቹ ፊት እተኛ ነበር።» ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «መልሰህ ትከለው። ለረመዳን ግን ራስህ ሂደህ ንገረው፤ ጽድቅ የሠራ መስሎት ነው የከረመ።»

ረመዳን ደጁ ላይ ቀንበር ሲጠግን አገኘው። ሰምቶ ሲያበቃ ቀንበሩን የሚያስርበትን ልጥ አላላው።

«እኔ ደግሞ መሬት ሊነጥቁ ነው ብዬ አገር አስነሣሁብዎት።»

«መኖ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«እሱስ አንቱ ነዎት።» ልጡን አጠበቀው። «ያቃጠልነው አይመለስም። ከማሳዬ ዳር ግን ሰርዶ ሞልቷል፤ ስታገለው የኖርኩት ነው፤ ይምጡና የሚበቃዎትን ይንቀሉ። ሰው ልጥራልዎት?»

«አይ፤ ብቻዬን ይሻላል።»

ዝናቡ ሲጥል ዓባይነህ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዕድሜው ገፍቷል፤ የእትዬ ኡሙልኸይር ዕድሜ ደግሞ ከእርሱ ይልቅ ገፍቷል፤ ባቄላው በእርሳቸው ዘመን ይደርስ እንደሆነ ብርሀንነሽም በስልክ ስትጠየቅ መመለስ አልቻለችም። ቁጢጥ ብሎ ሥሩን አንድ በአንድ ሲያለብስ፣ እትዬ ኡሙልኸይር ጀሪካን ይዘው በመሬቱ ዳር መጡ። በዚያ አገር የተቀያየመ ሰው እንኳ የሚሠራን ሰው «ያበርታህ» ሳይል አያልፍም። ኮቴያቸው አጠገቡ ሲደርስ ዝግ አለ። ዓባይነህ ቀና አላለም፤ ቀና ማለት መለመን መሰለው።

አለፉ። እርሱም በእጁ የያዘውን ሥር ጥቁሩ ጓል ውስጥ አስገብቶ በመዳፉ ተጫነው።