የአባቴ ልብ ዳገት የወጣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስቶክሆልም ልቤን ሲመረምሩኝ ልብን የሚያስሮጥ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ሐኪሟ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ልብሽ ሥራ ሲበዛበት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨምር ልይ ብዬ ነው» አለችኝ። ቢስሚላህ ብዬ ተኛሁ፤ ሐሳቤ ግን ደሴ ሄደ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። አባቴ ከውጫሌ ገበያ በሬ እየገዛ ሐይቅ አምጥቶ ይሸጥ ነበር። በክረምቱ መግቢያ እግሩ አበጠ፤ ጋደም ሲል መተንፈስ አቃተው። ከቤታችን ወረቀት የማነበው እኔ ነኝና፣ እናቴ የማሽላ ቂጣ ቋጥራልን፣ በጭቃው መንገድ አብረን በአውቶቡስ ደሴ ሆስፒታል ወጣን።

ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ ቆየ። ልቡ ሰፍቷል፣ ጡንቻው ደክሟል አለ። አባቴ ስንት ጊዜ እንደቀረው ሲጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሬዎቹን ቢሸጡ፣ ቤትዎን ቢያሰናዱ ይሻላል» አለው።

አባቴ ግን ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ዶክተር፣ በሬ ገዝተው ያውቃሉ?» አለው።

«ሥጋ እንጂ በሬስ ገዝቼ አላውቅም፣ አባባ።»

«ያስታውቃል። እኛ ቆሞ የታየ በሬ አንገዛም። ዳገት አስወጥተን፣ አተነፋፈሱን አይተን ነው። እርስዎ እኔን ያዩኝ ተቀምጬ ነው።»

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «በሉ፣ ቀስ ብለን እንሂድ» አለ። ክንዱን ይዞ ከግቢው ጀርባ ወዳለችው አቀበት ወሰደው። እኔ ከኋላ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያልኩ እርምጃቸውን ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ላይ ሲደርሱ ሐኪሙ የአባቴን ደረት አዳመጠ። አላስችለኝ ብሎ፣ «እኔስ ልስማ?» አልኩት።

«ስሚ። ቅድም ከሩቅ ነበር የሚሰማው፤ አሁን ቀረብ ብሏል።»

እውነትም ጆሮዬ ሥር ጠንከር ብሎ ይመታ ነበር። የአባቴን ልብ እንዲያ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«አልምልም» አለ ሐኪሙ፤ «በሽታውም አልሄደም። ግን ሲጠሩት የሚመጣ ጉልበት ቀርቶለታል። በሬዎቹን ለጊዜው አይሽጡ።» ክኒን ሰጠው፣ ጨው ከለከለው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ፤ እኔን ድሮ፣ ልጄንም ታቀፈ።

የእኔም ምርመራ ደህና ሆነ፤ አልሐምዱሊላህ። ዕድሜ የአላህ ነው፤ ማንም መርማሪ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንድ ነገር ብቻ ሰሞኑን አልለቀቀኝም። ያን ዕለት ደሴ ከእኛ በፊት አንዲት የአምባሰል እናት ገብተው ነበር፤ እግራቸው እንደ አባቴ ያበጠ። ሲወጡ ወረቀታቸውን አስነበቡኝ፦ ልብ ሰፍቷል ይላል። ሐኪሙ ቤታቸውን እንዲያሰናዱ እንደነገራቸው አጫወቱኝ፤ መርቀውኝም ሄዱ። እሳቸው የበሬ ነጋዴ አልነበሩም፤ ዳገት አስወጡኝ አላሉም።