የአያሌው ተከላካዮች

ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ፀጉር የሚያስተካክለው አያሌው የሰፈራችን የኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሚከፈለው ስድብ ብቻ ነው። ተከላካዮቹን በረኛው ፊት ይደረድርና አንድ አጥቂ ብቻውን ወደ ፊት ይልካል። ያ ምስኪን ማዶ ቆሞ ኳስ ሲጠብቅ ይመሻል። ቡድኑ አይሸነፍም፤ አያሸንፍምም። ሁሌ አቻ ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ኳስ ከማይ ገብስ ሲበቅል ባይ ይሻለኛል።

ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ሙላቴ ነበር። ሙላቴ እህል ነጋዴ ነው፤ የአያሌው ሚዜ የነበረ፣ የሚካኤል ማኅበራችንም አባል። አፉ ሰው ያስቃል። የእንግሊዝ ኳስ አይቶ ይመጣና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየተላጨ ስለ ማጥቃት ያስተምረዋል። አያሌው ደግሞ ሜዳችን ጉድጓድ እንደሆነ፣ ልጆቹ ሥራ ውለው ደክመው እንደሚመጡ፣ ጎል ያልገባበት ቡድን ደግሞ ተሸንፎ እንደማያውቅ ይመልስለታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱም እንደዚያ ናቸው።

በጥር ከጎረቤት ከተማ ከአንበሳሜዎች ጋር ያለ ጎል በተለያየን ማግስት ሙላቴ ግማሽ ጺሙን እንደተላጨ፣ አንተ አሰልጣኝ አይደለህም፣ ፈሪ ነህ አለው። አያሌው ምላጩን አስቀመጠ። ሳሙናውን በፎጣ ጠረገለትና በሩን አሳየው። ሙላቴ በግማሽ ጺም ገበያውን አቋርጦ ሄደ። ገበያተኛው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ። ከዚያ ወዲያ ግን በመካከላቸው ሰላምታም ቀረ።

በየካቲት ሚካኤል ጽዋው አያሌው ቤት ደረሰ። ሚስቱ ጌጤ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ጠበቀችን። እኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ባለበት ጽዋ አይቀመስም። ቄስ አዳነ ሁለቱን አይተው፣ ካልታረቃችሁ ዳቦውን አልባርክም አሉ። ጌጤ ጓዳው በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ጽዋ ሳይጠጣ ከቤት ቢወጣ ለልጅ የሚተርፍ ነውር ነው።

ቄሱ የጠቡን ምክንያት ጠየቁ። ኳስ ነው ሲባሉ ደነገጡ፤ የመሬት ነገር መስሏቸው ነበር። ሙላቴ ጣሳዎቹን ወለሉ ላይ ደርድሮ ሁለት አጥቂ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዳቸው። ነገሩ የገባቸው አይመስለኝም፤ ግን ወደ አያሌው ዞረው ታዲያ ለምን ወደ ፊት አትሄድም አሉት።

አያሌው መሬት መሬት እያየ መለሰላቸው።

«ድሮ እሄድ ነበር፣ አባታችን። በረኛዬ ታናሽ ወንድሜ ምስጋና ነበር። ሁሉንም ወደ ፊት ልኬ ብቻውን ተውኩት፤ ሰባት ገባበት። በማግስቱ ሙላቴ ‹ወንፊቱ› ብሎ ስም አወጣለት።»

ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገበያ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ ወንፊቱ መጣ ይባል ነበር። በዚያው ዓመት መተማ ወረደ፤ ለሰሊጥ ሥራ የሄደ መስሎን ነበር። እናቱ ስትቀበር እንኳ አልመጣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ልቤ አዘነ።

ሙላቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ጓዳ ገብቶ የወፍጮውን መጅ በትከሻው ተሸክሞ መጣና አያሌው እግር ሥር ተንበረከከ። በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ ይሸከማል፤ ተበዳይ ይቅር ሲል ያወርድለታል። አያሌው ግን እጁን አልዘረጋም።

«እኔን የሰደብከኝን ትቼዋለሁ። ይሄን ማውረድ ግን የሱ ነው፤ ደውልለት» አለው።

ጌጤ በስልኳ ደውላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ሙላቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ ሙላቴ ነኝ ብሎ ይቅርታ ለመነ፤ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። ምስጋና ግን፣ አሁን በረኛችሁ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሙላቴ ደሳለው የሚባል ከጉና የመጣ ልጅ መሆኑን ነገረው።

«ጎል ሲገባበት ምን ትሉታላችሁ?» አለ ምስጋና።

ሙላቴ ድንጋዩን ሳያወርድ አንገቱን ደፋ። ቤት ሙሉ ሰው ነበርን፤ ምስጋናን ወንፊቱ ያላለው አንድም አልነበረም።