ጠርሙሷን የያዘው አባት

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ወለል ስወለውል ሦስት ቀን አየሁት። ጫማው ዱቄት ለብሷል፤ ዳቦ ቤት ይሠራል መሰለኝ። የውሃ ጠርሙስ በብብቱ ሸጉጦ በመስታወቱ ሕፃን ልጁን ያያታል፤ ስትተነፍስ አብሯት ይተነፍሳል።

ዛሬ ነርሷ፣ "እንዳትርቅ" አለችው። ፊቱ አመድ መሰለ። ልጅቷን እንዲያጠምቁ የጠራቸው ቄስ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ በስልክ፣ "ካልደረስኩ የተጠመቀ ሰው ያጥምቃት" ብለውታል።

"ታዲያ አንተ አባቷ አይደለህ?" አልኩት።

ጠርሙሷን ዘረጋልኝ።

"እትዬ፣ እርስዎ ተጠምቀዋል አይደል? እኔ… ሚስቴን ያገባኋት ተጠምቄያለሁ ብዬ ዋሽቼ ነው።"

"እጄ እኮ በረኪና በረኪና ይሸታል።"

"ግድ የለም። ብቻ ያለ ስም እንዳትሄድብኝ።"

መወልወያዬን ጥዬ እጄን ታጥቤ ጠርሙሷን ተቀበልኩት።