ኦቦ ገለታ ዘንድ የጠረብኳት ማንኪያ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ገና ሳይመጣ፣ መቱ ውስጥ በእኛ ሰፈር ተረት የሚሰማው ጆሮ ያለው ሁሉ አልነበረም፤ እጁ የሚሠራ ብቻ ነበር። ሕጉን ያወጡት ማንኪያና ጭልፋ እየጠረቡ የሚኖሩት ጎረቤታችን ኦቦ ገለታ ናቸው። አመሻሽ ላይ እሳታቸው ዳር የተቀመጠ ልጅ የዋንዛ ቁራጭና ቢላዋ ይሰጠዋል፤ ቢላዋው ከቆመ ተረቱም ይቆማል።

እኔ ፈሪ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም ቃሌን ሳልመዝን አልናገርም። ያኔ ግን ተረቱ አስጎመጀኝና ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ጭኔ ላይ እየተከመረ፣ በፍሙ ብርሃን መጥረብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ቶሎ ትድረቅልኝ ብዬ ፍሙ አጠገብ ባቆማት እንደ ተረከዝ ተሰነጠቀች።

«ኢልማ ኮ» አሉ ኦቦ ገለታ እየሳቁ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ማንኪያ ልትሠራ ነው ወይስ ልትጠብስ? እርጥብ እንጨት እሳት አይወድም። በእርጥብ የቡና ገለባ ሸፍነው፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ።»

ሁለተኛዋ አልተሰነጠቀችም። ትንሽ ጠመም ብትልም ማንኪያ ነበረች።

በዚያ ሰሞን አንድ ተረት ጀመሩልን። ጃርት ጉድጓድ ቆፍሮ ቤት ሠራ። ነብር ዝናብ ሲያባርረው መጥቶ ተጠለለና፣ ጠዋት ሲነቃ «እጅህ አፈር አፈር ይሸታል፣ ውጣልኝ!» አለው። ጃርት ምን ብሎ መለሰ? አፌን ከፍቼ ስጠብቅ ቢላዋዬን ረሳሁት። «እጅህ ቆመ» አሉና ቀሪውን ለነገ አሳደሩት።

በማግስቱ ግን አባቴ በቢላዋው የቆረጥኩትን ጣቴን አይተው ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። አባቴ ከሸዋ የመጡ ጸሐፊ ነበሩ።

«የእኔ ልጅ ከጠራቢ ጋር? ሁለተኛ ያን ደጅ ብትረግጥ እግርህን እሰብረዋለሁ!»

በዚያው ሳምንት እናቴ እኅቴን ወለደችና ዘመዶች ገንፎ ሊበሉ ተሰበሰቡ። አባቴ በእንጨት ማንኪያ ገንፎውን ከቅቤው እያጠቀሱ፣ «ይህ ልጅማ ጠራቢ ሊሆንልኝ ነው» ብለው አሾፉብኝ።

«እጁን አሽትቱት እስቲ!» አለ አጎቴ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ማንኪያዬን ከብብቴ አውጥቼ ገበታው ላይ አኖርኳት።

«አባባ፣ እርስዎ የያዙትንም የጠረቡት ኦቦ ገለታ ናቸው። እጃቸው የሚሸት ከሆነ ማንኪያቸውን ያስቀምጡትና ትኩሱን ገንፎ በጣትዎ ይብሉ።»

እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ «ወይኔ ልጄን!» ስትል ሰማሁ። አባቴ ማንኪያውን አላስቀመጡም። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን በአለንጋ ገረፉኝ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ እያነከስኩ ተመልሼ ሄድኩ፤ በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው አዩኝ፤ አለንጋውን ግን ደግመው አላነሱትም።

ኦቦ ገለታ የተረቱን መጨረሻ ነገሩኝ። የጃርት መልስ የእኔን ያህል አልጣፈጠኝም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ቢሮ ስገባ ለዘበኛው ሳይቀር ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ፊርማዬን እንኳ ሦስቴ አይቼ ነው የምሰጠው። አባትን በእንግዳ ፊት ማዋረድ ኃጢአት መሆኑንም አውቃለሁና ለንስሐ አባቴ ደጋግሜ ተናዝዣለሁ። በየጊዜው «ተጸጽተሃል ወይ?» ይሉኛል።

በቤተ ክርስቲያን አልዋሽም። «ስለ ግርፋቱም አላዘንኩ፣ ስለ ቃሌም አልተጸጸትኩ» እላቸዋለሁ።